ዳሽቦርዱ ሌላ፣ ደረሰኙ ሌላ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ መኪና ከባለ መኪና ጋር ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥላ የምትመጣ አንዲት ጥያቄ አለች፤ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» መልሱ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። አንዱ «አሥር» ይላል፣ ሌላው «አሥራ ሁለት»፤ ቪትዝ የያዘው ደግሞ ደረቱን ነፋ አድርጎ «አሥራ ስድስት» ይላል። ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አንዳንዱ መኪናውን ሲገዛ ደላላው የነገረውን ነው የሚደግመው። ሌላው ከመሪው ጀርባ ካለችው ትንሽ መስኮት ላይ ያነበበውን ይነግራችኋል። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህችው መስኮት ነው። ባለፈው ዓመት እኛ ቤት ውስጥ በእሷ የተነሳ የአንድ ልጅ ስም ሊጠፋ ጥቂት ነው የቀረው።

የምንኖረው ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ቤቴል ነው። መኪናዋ የታላቅ ወንድሜ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የተሠራች፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቢኤም ደብሊው 320። ወንድሜ በወጣትነቱ ሲመኛት ኖሮ ፀጉሩ መሳሳት ከጀመረ በኋላ ነው ያገኛት። ወደ ውጭ ሲሄድ «ለማንም እንዳትሸጪብኝ» ብሎ ቁልፏን በእጄ አስጨበጠኝ። እውነቱን ለመናገር ለቤተሰብ የምትሆን መኪና አይደለችም። ልጆች ከኋላ ለመግባት የፊቱ ወንበር ታጥፎ መጠበቅ አለበት። የሰፈራችንን ኮብልስቶን ስትወጣ ሆዷ እየተጋጨ ስለሚያሳቅቅ ወንድሜ ከፍ ያለ ጎማ አስገጥሞላት ነበር። ይህን ጎማ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። ያም ሆኖ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ያለችውን አሮጌ መኪና ተንከባክቦ መያዝ የብዙ ቤተሰብ ዕጣ ሆኗል። የእኛም እንደዚያው ነው።

መኪናዋን የሚነዳት የእህቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ እስኪያገኝ ከደብረ ብርሃን መጥቶ እኛ ጋ ተቀምጧል። ባለቤቴ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ነው የሚሄደው፤ እኔም በማለዳ እወጣለሁ። ስለዚህ ልጆቹን ጠዋት ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለው ትምህርት ቤታቸው ማድረስና ከሰዓት መመለስ የእሱ ኃላፊነት ሆነ። በአየር ጤና አድርጎ፣ ጦር ኃይሎችን አልፎ፣ በቀን ሁለት ደርሶ መልስ። ማደያ ላይ ሰልፍ ሲኖር ተሰልፎ የሚቀዳውም እሱ ነው።

ባለቤቴ የሂሳብ ሰው ነው፤ ሙያውም ጠባዩም። የቤንዚን ዋጋ እንዴት እንደተወነጨፈ እናንተም ታውቁታላችሁ። በሐምሌ 2014 አንድ ሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በጥር 2017 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፤ በመጋቢት ደግሞ 112 ብር ከ67 ሳንቲም። የዚያ ወር መጨረሻ ላይ ባለቤቴ የቤቱን ወጪ ሊመረምር ተቀመጠ። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ የሚከፈለው በዲጂታል ስለሆነ የከፈልነው ሁሉ ከነቀኑ ስልክ ላይ አለ። ደመረው፤ 11,943 ብር። በሊትር ዋጋ ሲያካፍለው 106 ሊትር። ወደ መኪናዋ ወረደና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አየ፤ በወሩ የሄደችው 820 ኪሎ ሜትር ነው። በመስኮቷ ላይ ያለው አማካይ ፍጆታ ደግሞ «በ100 ኪሎ ሜትር 9.4 ሊትር» ይላል። ይህ በእኛ አነጋገር በሊትር አሥር ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል መሄድ ማለት ነው። በዚህ ሂሳብ መኪናዋ መብላት ያለባት 77 ሊትር ነበር።

«ሃያ ዘጠኝ ሊትር የት ገባ?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ወቅቱ ማደያ ጠፍቶ ቤንዚን በየመንገዱ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥበት ጊዜ እንደነበር አስታውሱ። ሃያ ዘጠኝ ሊትር ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር በላይ ነው፤ ለሥራ ፈላጊ ወጣት ቀላል ገንዘብ አይደለም።

«አንቺ፣ ይሄ ልጅ እየቀዳ ይሸጥ ይሆን እንዴ?»

«እሱ? አያደርገውም።»

«እኔም አያደርገውም ብዬ ነበር። ቁጥር ግን አይዋሽም።»

«የትኛው ቁጥር?» አልኩት። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የተጀመረው። ባለቤቴ በእጁ ሁለት ቁጥር ይዟል፤ አንደኛው ማደያው የቆጠረው፣ ሁለተኛው መኪናዋ የነገረችው። የማደያውን ጠረጠረ፤ ልጁንም ጠረጠረ። የዳሽቦርዱን ግን የሚጠረጥር ሰው የለም። በጀርመን ፋብሪካ የተሠራ፣ የሚያበራ፣ ነጥብና ዴሲማል ያለው ነገር ማን ይጠረጥራል?

ልጁ ምንም አልተባለም፤ ግን ገባው። ባለቤቴ ማታ ማታ እየወረደ ዳሽቦርዱን በስልኩ ፎቶ ሲያነሳ እያየ እንዴት አይገባው? በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «አክስቴ፣ ልጆቹን በታክሲ ባደርሳቸውስ? ለጋሼም ወጪ ይቀንስላቸዋል» አለኝ። ዓይኔን አላየኝም። እንዲህ ያለ ነገር ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚከብድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ያልተነገረ ክስ መልስ የለውም። ልጁ እንዲህ እንደተጠረጠረ ወደ እናቱ ቢመለስ እህቴ «ምን አድርጎ ነው?» ማለቷ አይቀርም፤ እኔስ ምን እላታለሁ? ባለቤቴን አንድ ነገር ለመንኩት፤ «ሁለት ወር ስጠኝ፤ እስከዚያ ማንም ለማንም አንድ ቃል እንዳይናገር።» ልጁን ደግሞ ቁልፉን መልሼ አስያዝኩትና ከነገ ጀምሮ የቀዳውን ሁሉ በደብተር እንዲጽፍ ነገርኩት። ለምን እንደሆነም ሳልደብቅ አስረዳሁት። እንደምጠራጠረው መስሎት ፊቱ ሊጠቁር ሲል «የምጠረጥረው መኪናዋን ነው» አልኩት።

አሁን እስቲ ይቺ መስኮት ቁጥሯን ከየት እንደምታመጣ እንመልከት። ብዙዎቻችን ከታንከሩ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቧንቧ ላይ እንደ ውኃ ቆጣሪ ያለ ነገር የተገጠመ ይመስለናል። የለም። መኪናዋ ያለቀውን ቤንዚን አትለካም፤ ታሰላለች። ቤንዚኑን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚረጩት ኢንጀክተሮች በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ለምን ያህል ጊዜ ክፍት እንዲሆኑ እንዳዘዘ ብቻ ነው። «ይህን ያህል ጊዜ ከከፈትኩ ይህን ያህል ይወጣል» ብሎ በፋብሪካ በተሰጠው ቁጥር ያባዛል። ርቀቱን ደግሞ ከጎማው ዙር ቆጥሮ ያገኛል። ከዚያ አንዱን ለሌላው ያካፍላል። ኢንጀክተሩ ካረጀ፣ ወይም ከሌላ መኪና የተፈታ ከተገጠመ፣ ወይም የነዳጁ ግፊት ከተለወጠ የሚወጣው ቤንዚን ይለያያል። ኮምፒውተሩ ግን የድሮውን ይዞ ያባዛል። ሃያ ዓመት ባለፋት መኪና ላይ ደግሞ ከእነዚህ አንዱም ሳይነካ የቀረ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

ሰው ያልመከረኝ ነገር የለም። «ከፍታው ነው፤ ኮልፌ አየሩ ስስ ነው» አሉኝ። አየሩ በእርግጥ ስስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከወደብ ከተማው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ግን የመኪናዋ ኮምፒውተር የሚገባውን አየር መዝኖ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ ከፍታው ጉልበቷን እንጂ የመስኮቷን ቁጥር አያዛባም። «ጠዋት በብርዱ ቅዱ፤ ከሰዓት ቤንዚን ይነፋል» ያሉኝም አሉ። ቤንዚን በአንድ ዲግሪ ሙቀት የሚሰፋው ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው፤ የማደያው ጋን ደግሞ መሬት ውስጥ ነው። በዚህ ሃያ ዘጠኝ ሊትር አይጠፋም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ቀላሉን ነው፤ አማካዩን ወደ ዜሮ መለስኩት። ይህን ሳታደርጉ ሌላ ነገር አትጀምሩ። አማካይ ማለት ለመጨረሻ ጊዜ ዜሮ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው። ወንድሜ አዳማ ይሠራ ስለነበር በየሳምንቱ በፍጥነት መንገዱ ይመላለስ ነበር። መኪናዋ ቀጥ ባለ መንገድ፣ ሳትቆም፣ በአምስተኛ ማርሽ ስትሄድ የምትበላው ጥቂት ነው። ያ ሁሉ የአዳማ ጉዞ መስኮቷ ውስጥ ተቀምጦ የእኛን የጦር ኃይሎች መጨናነቅ ይሸፍንልን ነበር። እንዲህ ያለ ሞተር ቆሞ እያጓራ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ይበላል፤ ኪሎ ሜትሩ ግን ዜሮ ነው። ዜሮ አድርገን ሦስት ሳምንት እንደነዳናት 9.4 የነበረው 11.3 ሆኖ ተቀመጠ። ማንም ምንም ሳይሰርቅ!

ሁለተኛው ማደያው ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። ስሙ ሲጠራ ቀላል ነው፤ ከሙሉ እስከ ሙሉ። ታንከሩን ትሞላላችሁ፣ የዕለቱን ኪሎ ሜትር ዜሮ ታደርጋላችሁ፣ ትነዳላችሁ፣ እንደገና ትሞላላችሁ። ሁለተኛ ጊዜ የገባው ሊትር የሄዳችሁበት ኪሎ ሜትር ዋጋ ነው። ሰው የሚሳሳተው በትንንሹ ነገር ነው። «የአምስት መቶ ብር ቅዳልኝ» ከተባለ ሂሳቡ አይሠራም፤ መሙላት የግድ ነው። ቀጂው ሽጉጡ «ጠቅ» ብሎ ሲቆም ብሩን ለማድበልበል ትንሽ ትንሽ ይጨምራል፤ ያኔ መሙላቱ ከጊዜ ጊዜ ይለያያል። የእህቴ ልጅ «መጀመሪያ ጠቅ ሲል ይብቃ» ማለት ልማዱ ሆነና ቀጂዎቹ «ጠቅ መጣ» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። ማደያውም፣ ቆጣሪውም፣ የሚቆምበት ቦታም አንድ ይሁን፤ ያዘነበለ ቦታ ላይ የቆመች መኪና በልኳ አትሞላም። አንድ ጊዜ ብቻ መሙላትም አይበቃም። እኛ ሦስት ጊዜ አደረግነው። 46.2፣ 51.7 እና 44.6 ሊትር ገባ፤ ድምሩ 142.5 ነው። ኪሎ ሜትሩ 1,118። ይህ በመቶ ኪሎ ሜትር 12.75 ሊትር ይሆናል።

ጎማውን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችው 205/55 በሚባለው ባለ 16 ጎማ ነው፤ ወንድሜ ያስገጠመው 205/60 ነው። ሁለቱም ቁጥር ከጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ሁለተኛው የጎማውን ከፍታ ይነግራል። ትልቅ ጎማ አንዴ ሲዞር ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። መኪናዋ ግን ዙሩን እንጂ መንገዱን አታይም፤ ስለዚህ የሄደችውን አሳንሳ ትቆጥራለች። በስሌት ልዩነቱ ከመቶ ሦስት ገደማ ይመጣል። አንድ እሑድ ስልኬ ላይ የርቀት መለኪያ ከፍተን በጂማ መንገድ ወደ ሰበታና ከዚያ አልፎ ሄድን። መኪናዋ 50 ስትል ስልኩ 51.6 አለ። ይህ ለእኛ መልካም ዜና ነበር፤ 1,118 የተባለው በእውነቱ 1,154 ኪሎ ሜትር ሆነ፣ ፍጆታውም ወደ 12.35 ወረደ። በሊትር ስምንት ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አያኮራም፤ ግን እውነት ነው።

መኪናችሁ ከአሜሪካ ወይም ከእንግሊዝ አገር የመጣች ከሆነች አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ማይል በጋሎን የምታሳይ መስኮት የትኛውን ጋሎን እንደያዘች እወቁ። የአሜሪካው ጋሎን 3.8 ሊትር ገደማ ሲሆን የእንግሊዙ 4.5 ነው። «25» የሚለው ያው ቁጥር በአንዱ በሊትር 10.6 ኪሎ ሜትር፣ በሌላው ከ9 በታች ይሆናል። በዚህ ብቻ የተጣሉ ገዢና ሻጭ አውቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ወረቀት ይዤ ከባለቤቴ ጋር ተቀመጥኩ። እሱ በሚወደው መንገድ፣ በዓምድና በረድፍ። የጠፋው 29 ሊትር ነው ተብሏል። አማካዩ በአዳማ ጉዞ ባይሸፈን ኖሮ መስኮቷ ለ820 ኪሎ ሜትር ከ92 ሊትር በላይ ትል ነበር፤ ይኸው 15 ሊትር ተኩሉ ተገኘ። ኢንጀክተሮቹ ከተነገራቸው በላይ የሚያፈሱት ደግሞ ወደ 12 ሊትር ነው። የቀረችው አንድ ሊትር ተኩል የምትሆነው፣ በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ታንከሩ ምን ያህል እንደነበረው በመርፌው ግምት ስለተያዘ የመጣች ናት። ባለቤቴ ካልኩሌተሩን አውጥቶ ሁሉንም እንደገና ሠራው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና ዝም አለ።

ለልጁ ምን እንዳለው ብትጠይቁኝ ብዙ ቃል አልወጣውም። የአገራችን አባወራ ከልጅ ፊት ቆሞ ይቅርታ ሲል ያያችሁ እጃችሁን አውጡ። በማግስቱ ጠዋት ግን ከሰርቪሱ ቀርቶ ከልጁ ጋር መኪናዋ ውስጥ ገባ፤ ሜክሲኮ ድረስ አብረው ሄዱ። ማታ ስመለስ ሁለቱ ደብተሩ ላይ አጎንብሰው የመጋቢትንና የሚያዝያን አኃዝ ሲያመሳክሩ አገኘኋቸው። ልጁ «ጋሼ፣ ይቺ ሰባት ናት እንጂ አንድ አይደለችም» እያለ ያርመው ነበር። እኔ ለራሴ ያ በቂ መስሎ አልታየኝም፤ የተጠረጠረ ሰው ቃል ይገባዋል። ለባለቤቴም ነገርኩት። እህቴ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ፣ እሷ ፊት፣ «ልጅሽ የታመነ ነው፤ እኔ ነኝ በመኪና የተታለልኩት» አላት። እህቴ ነገሩን ስላላወቀች ቀልድ መስሏት ሳቀች። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ተነስቶ ቡና የሚቀርብበትን ረከቦት ወደ ጓዳ ይዞ ገባ፣ ቆየት ብሎም ወጣ።

መስኮቷንም አረምናት። በዚህች መኪና ዳሽቦርድ ውስጥ ለመካኒክ ተብሎ የተቀመጠ የተደበቀ ዝርዝር አለ። የዕለቱን ኪሎ ሜትር ዜሮ የምታደርገውን መጫኛ ተጭናችሁ ይዛችሁ ቁልፉን ስታዞሩ ይከፈታል፤ 19ኛው ላይ መቆለፊያው ይነሳል፣ 20ኛው ላይ የፍጆታ ማረሚያው ይገኛል። ከፋብሪካ 1000 ሆኖ ነው የሚመጣው። እውነተኛውን ፍጆታ መስኮቷ ላለችው አካፍላችሁ በዚያ ታባዙታላችሁ፤ 12.35 ለ11.3 ሲካፈል 1.093 ይመጣል፣ እኛ 1093 አስገባን። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አጠገባችን ቆሞ ሲሠራው አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሌላ ቁጥር እዚያ ዝርዝር ውስጥ አትነካኩ ብሎናል፤ እኔም እደግምላችኋለሁ። መኪናችሁ እንዲህ ያለ ማረሚያ ከሌላት አትጨነቁ፤ ማባዣዋን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ የጸሐይ መከላከያው ላይ ለጥፉ። የቪትዝም፣ የኮሮላም ሂሳብ ያው ነው።

ከዚያ ወዲህ በሞላን ቁጥር መስኮቷና ደብተሩ የሚለያዩት በጥቂት ነው። የመጨረሻው ላይ እሷ 12.5 አለች፣ እኛ 12.3 አገኘን። ኢንጀክተሮቹን አስፈትቶ ማሳጠብ ገና ይቀረናል። የታጠቡ ጊዜ የሚያፈሱት መጠን ሊለወጥ ስለሚችል ማረሚያውን እንደገና መሥራት ያስፈልጋል፤ ሶማሌ ተራ «ከጃፓን የተፈታ፣ አዲስ ያህል» እያሉ የሚያሳዩኝን ግን ልኩ ሳይታወቅ አላስገጥምም።

አንድ የቀረኝ ጠላት የቤንዚን መርፌው ነው። የዚህች መኪና ታንከር እንደ ኮርቻ ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ በውስጡ ሁለት ተንሳፋፊ አለው፤ አንደኛው ሲያረጅ መርፌው ሩብ ላይ ሲደርስ ይቆምና በድንገት ይወድቃል። እስኪቀየር ድረስ የእህቴ ልጅ መርፌውን ማየት ትቷል። የዕለቱ ቆጣሪ 400 ሲል ወደ ማደያ ይሄዳል፤ ሰልፍ ካለ ደግሞ 350 ላይ።